«ልመሰክርልህ ነው የመጣሁት»

መቼ እንደሆነ ቁርጥ አድርጌ መናገር አልችልም። ዓመቱን ልቆጥር ስነሳ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይሆንብኛል። ባለቤቴ አስካለ «አስፋልቱ ዳር ያለው ማንጎ የደረቀ ጊዜ ነው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። ብቻ በጋ ነበር፤ የቀይ ሽንኩርቱ ችግኝ ተተክሎ ገና ሥር ሲይዝ። ጊዜው ይጥፋኝ እንጂ ነገሩ አልጠፋኝም። ቦዩን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ይመጣብኛል፤ አንዳንዴም ብቻዬን ያስቀኛል።

እኔ የሸዋ ሮቢት ገበሬ ነኝ። ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። መጽሐፍ ቅዱሴን በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው እንደዚያው ቀስ ብዬ ነው። ጌታን የተቀበልኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ጸሎት ቤታችን የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ሁላችን ብንመጣ እንኳ አግዳሚው ይተርፋል።

ነገሩ የጀመረው ወደ ደብረ ሲና በሄድኩበት ጠዋት ነው። ልጄ እዚያ ነው ያገባችው። ታማ ነበርና አስካለ ቀድማ ሄዳለች፤ እኔ ማሳዬን አጠጥቼ ልከተላት ነው። መኪና ልይዝ በጠዋት ቦዩን ተከትዬ ወደ አስፋልቱ ስወጣ አንድ ወንድሜን አየሁት።

ወንድሜ ስል የእናቴ ልጅ አይደለም፤ የእምነት ወንድሜ ነው፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ። ስሙን ለጊዜው ልተወው። ክፉ ሲወራ ስሙ እንዲነሳ አልፈልግም፤ የማነሳበት ቦታ አለኝ።

ያን ጠዋት የውሃ ተራው የእሱ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከማሳው ሲሮጥ ወጣ። አንድ እግር ላስቲክ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ዞሮም አላየው። በአንድ እግር ጫማ አስፋልቱ ዳር የቆመ ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ። «ምነው፣ ደኅና?» ብዬ ጮህኩ፤ አልሰማኝም። ውሃው ወደ ማሳው እየገባ ነው፤ አካፋውም ቦዩ አፍ ላይ እንደተተከለ ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ ጋ አካፋ ቦይ አፍ ላይ ከተተከለ «ውሃው ገና የእኔ ነው፤ መጣሁ» ማለት ነው። ማንም አይነቅለውም። የሰው አካፋ መንቀል የሰው በር እንደ መስበር ነው። እኔም አልነካሁትም። ይመለሳል ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ደብረ ሲና ብርዱ ጉልበቴን ያዘኝና ካሰብኩት በላይ ቆየሁ። ልጄ ድና፣ አስካለን ይዤ ቅዳሜ ወደ ቆላችን ወረድኩ። እሁድ ጸሎት ቤት ሄድን። ያ ወንድሜ ተነስቶ የልጅ ልጅ እንደተወለደችለት ተናገረና እልል ተባለለት። እኔም ከልቤ አመሰገንኩ። ሌላ ወሬ የነገረን ሰው አልነበረም።

ወንጌላዊያችን ወጣት ነው፤ ሲያስተምር ግን ያምርበታል። የዚያን ዕለት እንዲህ አለ፦ «ወንጌል በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ ታጥሮ አይቀርም። ጨው ማሰሮው ውስጥ ሆኖ የማንን ወጥ ያጣፍጣል? እያንዳንዳችሁ አንድ ጎረቤት ያዙ። በዚህ ሳምንት ሂዱና መስክሩለት። ቢቆጣችሁ ታገሡ።»

እኔ አፌ ፈጣን አይደለም። ለመጸለይ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ቃል ስፈልግ ሌላው ይጨርሳል። ቢሆንም ጌታ በሽበቴ ተቀብሎኝ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ። ሰይድን መረጥኩ። የሰይድ ማሳ ከእኔ በላይ ነው፤ ከወንድሜ ቀጥሎ ተራው የእሱ ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ የእኔ። በዚያ በግጭቱ ክፉ ጊዜ ሁላችንም ስንሸሽ ፍየሎቼን ከፍየሎቹ ደባልቆ ጠብቆ የመለሰልኝ ሰው ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ እስላሙም ክርስቲያኑም በጎን መተያየት ለምዷል፤ እኔና ሰይድ ግን ፊት ለፊት ነበር የምንተያየው።

ሰኞ ጠዋት መንገድ ለመንገድ ንግግሬን እያጠናሁ ሄድኩ። ሰይድ ፓፓያው ሥር አገጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ።

«ኧረ ጋሼ በቀለ! መቼ ገቡ?»

ሰላምታውን ሳልጨርስ ያጠናሁት እንዳይጠፋኝ ብዬ አፈነዳሁት። «ሰይዶ፣ ልመሰክርልህ ነው የመጣሁት» አልኩት።

ሰይድ ክው ብሎ ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን ያዘ። ዓይኑ ውሃ ሞላ።

«አልሐምዱሊላህ! ፋጡማ! ነይ ውጪ! ጋሼ በቀለ ሊመሰክሩልኝ መጡ! ሐቅ ሰው አያጣም አላልኩሽም?»

ሚስቱ ፋጡማ ከጓዳ ወጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ ጉልበቴንም ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። ከየት መጣ የማይባል ፓፓያ ተቆርጦ ቀረበ። እኔ እንዲህ ያለ አቀባበል አልጠበቅኩም። ቢቆጣችሁ ታገሡ ነበር የተባልነው፤ ቢስሟችሁ ምን አድርጉ እንደሚባል ማንም አልነገረኝም።

«ያዩትን ብቻ ይናገሩልኝ፤ እሱ ይበቃኛል» አለኝ ሰይድ።

«ያየሁትን?»

«እንዴ! ያን ዕለት በጠዋት በቦዩ ሲያልፉ የጎረቤታችን የአህመድ ሚስት አይታዎታለች። እኛ እኮ ደብረ ሲና ድረስ ሰው ልንልክብዎ ነበር።»

ከዚያ ነገሩን አፈረጠልኝ። ያን ጠዋት ሰይድ ተራው ደርሶ ሲመጣ የወንድሜ ማሳ ተጥለቅልቋል። ችግኙ ከመደቡ እየተነቀለ ይንሳፈፋል። ቢጠራ ሰው የለም። የቀረው እንኳ ይትረፍ ብሎ የተተከለውን አካፋ ነቀለና የቦዩን አፍ ደፈነ። ይህን ሲያደርግ ነው ሰዎች የደረሱት። ያዩት ሰይድን ነው፤ በሰው ማሳ አፍ ላይ፣ የሰው አካፋ ይዞ።

ወንድሜ ደግሞ «እኔ ደፍኜ ነው የሄድኩት፤ ሰይድ ውሃውን ወደ እሱ ሊወስድ ሲቆፍር ከፈተብኝ» ብሎ ከሰሰ። የቦያችን ደንብ ከባድ ነው። በቸልታው የሰው ማሳ ያጠፋ ሰው ሽንኩርቱ እስኪነቀል የውሃ ተራ ያጣል። በሮቢት ፀሐይ ውሃ ያጣ ሽንኩርት ደግሞ የት ይደርሳል? የሰይድ ቤት የዓመት ጉሮሮ ያ ማሳ ነው። ጉዳዩን የሚያዩት የውሃ አባታችን ሀጂ ይማም ናቸው፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ወሬውም መልኩን መለወጥ ጀምሯል። «ውሃው ሄደ» መባሉ ቀርቶ «እስላሙ የጴንጤውን ሽንኩርት አጠፋ» እየተባለ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ለአንዱ ምስክርነት ሄጄ ለሌላው ተያዝኩ። «የለም ሰይዶ፣ እኔ እንኳ የመጣሁት» ልል አፌን ስከፍት ያ ጠዋት ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ባጃጁ፣ የተተከለው አካፋ፣ ጭቃ ውስጥ የቀረው ጫማ። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«አይቻለሁ። እመሰክርልሃለሁ» አልኩት። ፓፓያውንም በላሁ።

ቤቴ ገብቼ ለአስካለ ነገርኳት። ጸሎት ቤታችን ትንሽ ናት፤ በሽማግሌዋ ላይ ቆሜ ስናገር ምን እንሆናለን ብዬ ትንሽ ተክዤ ነበር። አስካለ ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም።

«ታዲያ ምን ያስተክዝሃል? መስክር ተብለህ አይደል የሄድከው? ጌታን እንኳ በዓይንህ ሳታየው ልትመሰክር ነበር፤ ይህንንማ አይተኸዋል» አለችኝ።

በዚህ ልቤ አረፈ። ሆኖም ወንድሜን ሳላናግር ሸንጎ ላይ መቆም ደስ አላለኝም። መጽሐፉም በፊት ብቻውን ሆነህ ንገረው ነው የሚለው። ማክሰኞ ቤቱ ሄድኩ። የልጅ ልጁን አቅፎ አገኘሁት። «ያን ጠዋት አይቼሃለሁ፤ ውሃው ሳይደፈን ነው የሄድከው» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።

«እኔ? እኔ ነኝ ውሃ ክፍት ትቼ የምሄድ? ተኝቼ እንኳ እጄ ቦይ ይደፍናል! አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን አሳየው እያልንህ እኮ ነው!»

«ዓይኔ ለሩቅ ደኅና ነው፤ ለመጽሐፍ ነው ያስቸገረኝ።»

«እሺ፣ አገር ምን ይላል? ጴንጤ ለጴንጤ አልሆነ አይሉም? የተሰበሰብነው ስንት ነን?» ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። እሱም እሷን ሊያባብል ዞረ። ስለ ባጃጁም ስለ ጫማውም ሳልነግረው «ሐሙስ ያየሁትን እናገራለሁ፤ አንተንም እወድሃለሁ» ብዬው ወጣሁ።

ሐሙስ ቦዩ ከወንዙ በሚጠለፍበት ቦታ ተሰበሰብን። ሰዉ በየድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሀጂ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ እነሱ አሚን አሉ፣ እኛ አሜን አልን። ወንድሜ ክሱን ተናገረ። ሰይድ መልሱን ተናገረ። ሀጂ ሰይድን «የሰው አካፋ መንቀልህ ልክ ነው?» ብለው ተቆጡት። «ሽንኩርቱ አሳዝኖኝ ነው ሀጂ» አለ፤ አንዳንዱ ሳቀበት። ከዚያ እኔ ተጠራሁ።

«አቶ በቀለ፣ ምለው ይናገራሉ» አሉኝ ሀጂ። «እስላሙ በቁርአኑ፣ ክርስቲያኑ በመስቀሉ። ያልማለ ምስክር ቦያችን ላይ ቃሉ አይያዝም።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። የእኛ ሰው አይምልም። አዎ ካልን አዎ ነው፣ አይደለም ካልን አይደለም፤ ከዚያ የተረፈው ከክፉው ነው ተብለን ነው የተማርነው።

«ሀጂ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አልምልም። የምናገረው ግን እውነት ነው» አልኩ።

ሰዉ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ «የማይምል ምስክር? ጥርስ የሌለው ማጭድ!» አለ። ሌላው ተቀብሎ «ለሰይድ ሊመሰክር መጥቶ እንደ አካፋው ተተክሎ ቀረ!» ሲል ሳቁ ቦዩን ሞላው። ሀጂ ይማም በዱላቸው መሬቱን መታ አድርገው ዝም አሰኙ። ፊታቸው ግን እንዳዘነ ነበር። «ደንብ ነው አቶ በቀለ። ካልማሉ ልሰማዎት አልችልም» አሉ።

ሰይድን አየሁት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ፋጡማ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ሽንኩርታቸው በእኔ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ልማል ይሆን? ብምል እግዚአብሔር ይቅር ይለኛል፤ ግን ሰኞ ዕለት ስለ እሱ ልነግረው የሄድኩት ሰው ፊት ቃሉን ሰብሬ ምኑን ልነግረው ነው? ባልምል ደግሞ ይህ ቤት ይጠፋል። ዱላዬን ተደግፌ ዝም አልኩ። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ተናገር» ብቻ አልኩ በልቤ።

ወንድሜ ተነሳ።

ልብ በሉ፤ ዝም ቢል ረትቶ ነበር። የምናገረውንም ያውቃል፤ ማክሰኞ ነግሬዋለሁ። ደፍኛለሁ ብሎም ያምናል። ተነሳና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሀጂ፣ የእኛ ሰው አይምልም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልምልም። ይማል ብዬ ባስገድደው እሁድ ጸሎት ቤት ገብቼ የምዘምረው ምንድን ነው? ከሳሹ እኔ ነኝ፤ ቃሉን ያለ መሐላ ተቀብያለሁ። ይናገር» አለ።

ሀጂ ይማም ዱላቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ባለ ጉዳዩ ከተቀበለ እኔ ምን አገባኝ? ይናገሩ» አሉ።

ተናገርኩ። ቀስ ብዬ፣ እንዳየሁት። ስልኩ ጆሮው ላይ እንደነበረ፣ ውሃው እየገባ እንደነበረ፣ አካፋው እንደተተከለ፣ ጠርቼው እንዳልሰማኝ። «አንድ እግር ጫማህ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግር ነው ባጃጅ የገባኸው» አልኩት።

ወንድሜ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ያንን ጫማ እኮ ውሻ የወሰደብኝ መስሎኝ...» እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «ልጄ ምጥ ይዟት ስልክ ተደወለ። ደም እየፈሰሳት ነው አሉኝ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። አልደፈንኩም። ጌታዬ፣ አልደፈንኩም።»

ማንም አልሳቀም። ተነሳና በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፎ ሰይድ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ሰይድ በደረቱ ያዘው።

«አፉ ብያለሁ፤ አፉ ብያለሁ» አለው። «ልጁ ምጥ ላይ እያለች ቦይ የሚያስታውስ ምን ዓይነት አባት ነው? ይልቅ ሕፃኗ ደኅና ናት?»

ሀጂ ይማም «ሰይድ ተራውን ይያዝ» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ለሕፃኗም ጭምር።

ወደ ቤት ስንመለስ ከሰይድ ጋር ቦዩን ይዘን ሄድን። መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆም አልኩ።

«ሰይዶ፣ እውነቱን ልንገርህ። ሰኞ የመጣሁት ለዚህ አልነበረም። ክሱንም አላውቅም ነበር። ጸሎት ቤት ሂዱና መስክሩ ስለተባልን ስለ ጌታ ኢየሱስ ልመሰክርልህ ነበር የመጣሁት።»

ሰይድ አየኝ፣ አየኝና ሳቁ አመለጠው። ሆዱን ይዞ ቦዩ ዳር ተቀመጠ። «ፓፓያውን እኮ በሉት! ዝም ብለው!» ይላል። እኔም አብሬው እስከሚያስለኝ ሳቅኩ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን በሽርጡ ጠረገና ከጎኑ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገልኝ።

«ይቀመጡ። በሉ እሱንም ይመስክሩልኝ። የእርስዎን ቃል ያለ መሐላ እሰማለሁ።»

ተቀመጥኩና ነገርኩት። ያጠናሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። ሽማግሌ ሆኜ፣ ብዙ አጥፍቼ፣ እንዴት እንደተቀበለኝ ብቻ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እሱም የራሱን ነገረኝ፤ እኔም አላቋረጥኩትም።

ሰይድ ዛሬም ዓርብ ዓርብ መስጊዱ ነው። እኔም መጸለዬን አልተውኩም፤ ገበሬ ስለሆንኩ ዘር ተዘርቶ በማግሥቱ እንደማይታጨድ አውቃለሁ። ጥያቄ ሲኖረው ግን መጥቶ ይጠይቀኛል። ባለፈው «ጠላትህን ውደድ የሚለው ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?» አለኝ። ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ሁለታችንም ከላይ ያለውን የወንድሜን ማሳ አየን።

በዚያ ሳምንት እሁድ ወንጌላዊው «ማን ወጥቶ መሰከረ?» ሲል እጄን አወጣሁ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ያ ወንድሜ ነው። ወንጌላዊውም ነገሩን ሰምቶ የዚያን ዕለት ሌላ ስብከት አልሰበከም።

እኔ አሁን አልፈራም። ከቆርቆሯችን ውጪ ጌታ እንደሚሰማ አይቻለሁ፤ አፌ ቢተሳሰርም የሚፈታልኝ አላጣም። ያን ሐሙስ በሰው ሁሉ መካከል ቃል አጥቼ ስቆም፣ በራሱ ላይ የምመሰክርበት ሰው ተነስቶ አሻገረኝ። ስሙን የማነሳበት ቦታ አለኝ ብዬ ነበር፤ ቦታው እዚህ ነው። ደምሴ ይባላል።